ሒሳብ ያዥዋና የሰፈሩ ኮሌጅ

ባለፈው የሩብ ዓመት ስብሰባችን ላይ የነበራችሁ አባላት ክርክሩን አትረሱትም። ሦስት እኅቶቻችን ከትምህርት ድጋፍ ሒሳባችን ተከፍሎላቸው በኮሚኒቲ ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ለመማር አመለከቱ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ የሆኑት እናታችን ቃል ጠይቀው ተነሡና፣ «ልጆቼ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን። ሁለት ዓመት ሙሉ ከምንከፍል የስድስት ሳምንቱን የኮምፒውተር ሒሳብ ሥልጠና ይውሰዱ፤ በሁለት ወር ውስጥ ሥራ ይገባሉ» አሉ። የቤቱ ግማሽ አጨበጨበ። እኔ ለመመለስ እጄን ሳነሣ ሰዓቱ አልቆ፣ ቡናውም ቀርቦ ነበር።

የዚያን ዕለት ልል ያሰብኩት በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ አልነበረምና በጽሑፍ ላቀርበው ወሰንኩ። የእናታችን ጥያቄ አዲስ አይደለም። ሒሳብ መያዝ ለመማር ስንት ጊዜ ይበቃል? ከተማረች በኋላስ ሴቷ እስከ የት እንድትሄድ ይፈቀድላታል? ይህ በዚህ በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ነገር ነው። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በየኮሌጁ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚሰጠው የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ሥሩ ጣልያን አገር ነው። ሉካ ፓቾሊ የሚባል የፍራንሲስካን መነኩሴና የሒሳብ መምህር በ1494 ቬኒስ ላይ አንድ ትልቅ የሒሳብ መጽሐፍ አሳተመ። ከመጽሐፉ አንዱ ክፍል የቬኒስ ነጋዴዎች መዝገባቸውን እንዴት እንደሚይዙ ያስረዳል። ብዙ ሰው ዘዴውን የፈጠረው ፓቾሊ ይመስለዋል፤ አይደለም። የጄኖቫ ከተማ አስተዳደር ከዚያ 150 ዓመት በፊት፣ በ1340፣ በዚሁ ዘዴ የተጻፈ መዝገብ ነበረው። ፓቾሊ ያደረገው ነጋዴው በሱቁ ውስጥ ለልጁና ለጸሐፊው ብቻ ያሳይ የነበረውን ሙያ በላቲን ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ጽፎ ማሳተሙ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ሊማረው የሚችል ሆነ።

ነጋዴው ሦስት መዝገብ ይያዝ ይላል። አንደኛው የዕለቱ ሁኔታ እንደመጣ የሚጻፍበት ማስታወሻ ነው። ሁለተኛው ጆርናል፣ ሦስተኛው ዛሬ ሌጀር የምንለው ነው። እያንዳንዱ ነገር ሌጀሩ ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዴ በዴቢት፣ አንዴ በክሬዲት። ገንዘብ ከአንድ ቦታ ሳይወጣ ሌላ ቦታ አይገባም ማለት ነው። የሁለቱ ጎን ድምር እኩል ካልመጣ የሆነ ቦታ ስሕተት አለ። ይህን ድርብ አመዘጋገብ እንለዋለን። ከሦስቱ መዝገቦች በፊት ግን ነጋዴው ቤቱን፣ ዕቃውን፣ ያበደረውንና የተበደረውን አንድ በአንድ ቆጥሮ እንዲጽፍ ያዛል።

ቆጠራው ላይ ስደርስ አገር ቤት ትዝ ይለኛል። በእኛም ዘንድ የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት ንዋየ ቅድሳት፣ የተሰጣቸው መሬትና ርስት በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። የወርቅ ወንጌል የሚባሉት መጻሕፍት ለታሪክ ተመራማሪዎች እንደ መዝገብ ቤት የሚያገለግሉት ለዚህ ነው። በቤተ መንግሥትም የግምጃ ቤቱን ሀብት የሚጠብቀው ሹም በጅሮንድ ይባል ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በታሪክ የምናውቃቸው በዚሁ በበጅሮንድ ማዕረግ ነው። ስለዚህ መቁጠርና መመዝገብ ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። ከውጭ የመጣው ሁለት ጊዜ መጻፉ ነው። እሱም በባንክና በንግድ ቤት በኩል ገባ፤ በ1935 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ሁላችንም «ኮሜርስ» የምንለው፣ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ በክፍል ውስጥ መማሪያ ሆነ። ከእናቶቻችን መካከል እዚያ የተማሩ አሉ። እንደነገሩኝ አብረዋቸው ከገቡት ሴቶች ብዙዎቹ ወደ ጽሕፈትና ታይፕ ክፍል ነበር የሚመደቡት። ይህን ያዙልኝ፤ አሜሪካም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ወደ አሜሪካ ልመለስ። እዚህ ለእናታችን ሐሳብ የሚሟገት ታላቅ ምስክር አለ። በ1850ዎቹ በየከተማው ለጥቂት ወራት ሒሳብ አያያዝና የንግድ ደብዳቤ አጻጻፍ የሚያስተምሩ የንግድ ኮሌጆች ነበሩ፤ ስማቸው ኮሌጅ ይሁን እንጂ ዛሬ ማሠልጠኛ የምንላቸው ናቸው። በ1855 በክሊቭላንድ ከተማ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ከነዚህ በአንዱ አጭር ትምህርት ወስዶ ወጣና በበጋው ሙቀት ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ሥራ ለመነ። መስከረም 26 ቀን ረዳት ሒሳብ ያዥ ሆኖ ተቀጠረ። ያ ልጅ ጆን ሮክፌለር ነው፤ በኋላ በዓለም የታወቀው የነዳጅ ከበርቴ። ሥራ ያገኘባትን ቀን እስኪሞት ድረስ እንደ ልደት ያከብራት ነበር። እና አጭር ሥልጠና ዋጋ የለውም ብል ውሸት ነው።

ነገር ግን ሮክፌለር ወንድ ነበር፤ ሒሳብ ያዥ ሆኖ ሲገባም መጪው ዘመን ነጋዴ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ያኔ ሒሳብ ያዥነት ከሱቁ ባለቤት ጎን ተቀምጦ ንግዱን የመማሪያ ወንበር ነበር። ሴቶች ወደዚያ ወንበር ሲጠጉ ወንበሩ ራሱ ዝቅ አለ።

ነገሩ የተጀመረው በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ ነው። ወንዶቹ ዘምተው የገንዘብ ሚኒስቴር ሠራተኛ ጎደለው። አዲስ የወጣው የወረቀት ገንዘብ በትላልቅ ሉክ ታትሞ በመቀስ ይቆረጥ ነበርና የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ፍራንሲስ ስፒነር በ1862 ሴቶች ይቀጠሩ አለ። መቀስ ለሴት እጅ ይቀላል ብሎ ነው የተከራከረው። ሴቶቹ ከመቁረጥ አልፈው መቁጠር፣ ሐሰተኛ ኖት መለየትና መመዝገብ ያዙ። በ1864 ምክር ቤቱ ደመወዛቸውን በሕግ ወሰነው፤ በዓመት 600 ዶላር። ዝቅተኛው የወንድ ጸሐፊ ደመወዝ 1,200 ነበር። ልክ ግማሽ! እኔ ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ የምሠራበትን ቢሮ አስቤ ትንሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ የመደመሪያ ማሽን መጣ፣ ድርጅቶች ትልልቅ ሆኑ፣ የሒሳብ ክፍሉ ሥራ ተቆራረጠ። አንዷ ደረሰኝ ብቻ ትለያለች፣ አንዷ ትደምራለች፣ ሌላዋ ፔይሮል ታዘጋጃለች። በ1870 ሒሳብ ያዥ ሴት ብርቅ ነበረች፤ በ1930 ግን በአገሩ ካሉት ሒሳብ ያዦች ከግማሽ የማያንሱት ሴቶች ነበሩ። በሩ ተከፈተ ማለት ነው? አዎ፣ ግን አንድ ተንኮል ነበረው። በዚያው ዘመን ወንዶቹ ከሒሳብ ያዥነት በላይ ሌላ ሙያ አቋቋሙ። መዝገቡን የምትጽፈው ሒሳብ ያዥ ተባለች፤ መዝገቡን የሚመረምረው፣ መግለጫውን የሚፈርመውና ክፍያው የበዛው የሒሳብ ባለሙያ ተባለ። ኒውዮርክ በ1896 ሕግ አውጥታ ለዚህ ሙያ ፈቃድ መስጠት ጀመረች። ዛሬ ሲ.ፒ.ኤ. የምንለው ያ ነው።

ክሪስቲን ሮስ የምትባል ከካናዳ የመጣች ሴት በ1898 ያንን ፈተና ተቀመጠች። ከፍተኛ ውጤት ካመጡት አንዷ ነበረች። ፈተናውን አልፋ ሳለ ግን ሴት ናትና ወረቀቱ ይሰጣት ወይስ አይሰጣት እያሉ ባለሥልጣናቱ ዓመት ከግማሽ ያህል አጓተቱት። በመጨረሻ በ1899 ዓመቱ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው የምስክር ወረቀት ቁጥር 143 ተሰጣት። በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት ሲ.ፒ.ኤ. እሷ ናት።

ለእኛ ይበልጥ የምትቀርበው ግን ሜሪ ቲ. ዋሽንግተን ናት። በ1906 ሚሲሲፒ ውስጥ ተወለደች፣ ያደገችው ቺካጎ ነው። በጥቁሮች ባለቤትነት ይሠራ በነበረው በቢንጋ ባንክ ተቀጥራ ሥራ ጀመረች። የባንኩ ገንዘብ ያዥ አርተር ዊልሰን በአገሩ ሁለተኛው ጥቁር ሲ.ፒ.ኤ. ነበርና ሙያውን ያሳያትም እሱ ነው። እዚህ ላይ የሕጉን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ለማግኘት ፈተና ማለፍ ብቻ አይበቃም፣ ፈቃድ ባለው ሰው ሥር መሥራትም ግዴታ ነው። የነጭ ድርጅቶች ደግሞ ጥቁር አይቀጥሩም። ስለዚህ ቀድሞ የገባ ጥቁር ባለሙያ ከሌለ ሌላው ለዘላለም አይገባም። ዋሽንግተን በ1939 ቤቷ ምድር ቤት ውስጥ የራሷን ቢሮ ከፈተች፣ በ1941 ከኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች፣ በ1943 የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሲ.ፒ.ኤ. ሆነች። ከዚያ በኋላ ከሌላ ስቴት ጭምር ልምድ የሚሰጣቸው ያጡ ወጣት ጥቁሮች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ እሷ ይመጡ ነበር። አንዷ ስትገባ በሩን ለሌሎች ይዛ ቆመች፤ የኛ ማኅበርስ የተቋቋመው ለምን ነበር?

አሁን ወደ ኮሌጁ። ከላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ወይ በአጭር ማሠልጠኛ ወይ በውድ ዩኒቨርሲቲ ያለፉ ናቸው። በመካከል ያለው ቤት የተሠራው ዘግይቶ ነው።

ጅማሬው ኢሊኖይ ውስጥ ጆሊየት በምትባል ከተማ ነው። በ1901 የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊ ስታንሊ ብራውንና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሃርፐር ተማክረው፣ ከቤታቸው ርቀው መሄድ ለማይችሉ ልጆች የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ትምህርት እዚያው በሰፈራቸው መስጠት ጀመሩ። ስድስት ተማሪ ነበራቸው። ጆሊየት እስከዛሬ አለ። ሃርፐር ግን ሐሳቡ በጎ ብቻ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከትከሻው አውርዶ ለምርጦቹ ብቻ እንዲተርፍ ይፈልግ ነበር። ይህ ሁለት ፊት፣ ማስገቢያም ማስቀሪያም መሆን፣ ከኮሌጁ ጋር አብሮ ተወልዷል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1944 የወጣው ሕግ ለተመላሽ ወታደሮች የትምህርት ክፍያ ሲሸፍን ክፍሎች ተጨናነቁ። በ1947 ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት እነዚህ ኮሌጆች «ጁኒየር» መባላቸው ቀርቶ «ኮሚኒቲ ኮሌጅ» ይባሉ፣ ክፍያ አይኑራቸው፣ የሚሠራ ሰው በማታ የሚማርባቸው ይሁኑ አለ። ስሙ ጸደቀ፤ ክፍያው ግን በአብዛኛው ቦታ አልቀረም። በ1960ዎቹ ብቻ ከ400 በላይ አዳዲስ ኮሌጆች ተከፈቱ፤ በሳምንት አንድ ገደማ ማለት ነው።

በእኛ አካባቢ ያሉትን ሁለቱን ብቻ ላንሣ፤ አብዛኞቻችን ወይ ተምረንባቸዋል ወይ ልጆቻችን እዚያ ናቸው። በሜሪላንድ በኩል ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በ1946 በቤተስዳ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ተማሪዎቹ ወደ ቤት ከሄዱ በኋላ ማታ ማታ ማስተማር ጀመረ። በ1950 ወደ ታኮማ ፓርክ ተዛወረ። የሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ከሥራ ወጥቶ በእግሩ የሚደርስበት ግቢ ያ ነው። ሲከፈት ግን ለነጮች ብቻ ነበር። ካውንቲው ለጥቁሮች ለብቻው በ1950 ሮክቪል ላይ ካርቨር ጁኒየር ኮሌጅ የሚባል ከፈተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 የዘር መለያየትን ሕገ ወጥ ካለ በኋላ፣ በ1956 ካርቨር ተዘግቶ ተማሪዎቹ ወደ ሞንትጎመሪ ገቡ። ዛሬ በዚያ ግቢ ኮሪደር ላይ አማርኛ ስንሰማ ይህ 70 ዓመት ያህል ብቻ የሆነው ነገር እንደሆነ መርሳት ቀላል ነው።

በቨርጂኒያ በኩል ኖቫ የምንለው በ1965 ቤይሊስ ክሮስሮድስ ላይ በአንድ ሕንጻ ውስጥ በ761 ተማሪ ሥራ ጀመረ። ያኔ የቴክኒክ ኮሌጅ ነበር፤ በዓመቱ ስቴቱ የኮሚኒቲ ኮሌጆችን ሥርዓት በሕግ ሲያቋቁም የዛሬውን ስም ያዘ። ቤይሊስ ክሮስሮድስን የማያውቅ አባል የለንም፤ እንጀራ የምንገዛው እዚያ ነው። የአሌክሳንድሪያው ግቢም በዙሪያው ባሉት ሕንጻዎች ብዙ ሐበሻ ይኖራል፤ የከተማው ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩትን ደብዳቤ በአማርኛም ያወጣሉ።

ሕንጻ መኖሩ ግን ገንዘብ አይሆንም። ለድሃ ሰው ነገሩን የለወጠው የ1972 ሕግ ነው። ከዚያ በፊት የመንግሥት እርዳታ በኮሌጁ በኩል እያለፈ ኮሌጁ ለፈለገው ይሰጥ ነበር። በ1972 የወጣው ሕግ እርዳታው በቀጥታ በተማሪው ገቢ ተሰልቶ እንዲሰጥና የትኛውም ዕውቅና ያለው ኮሌጅ ይዞት እንዲገባ አደረገ። በኋላ በሴናተሩ ስም ፔል ግራንት ተባለ። ብድር አይደለም፣ አይመለስም። በ2024–25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ዜግነት የግድ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያላት፣ ስደተኛ ሆና የገባች ወይም ጥገኝነት የተሰጣት ሁሉ ማመልከት ትችላለች። በዚያው ዓመት በወጣው በዚሁ ሕግ ውስጥ በትምህርት ቤት በጾታ ማዳላትን የሚከለክለው አንቀጽም አለበት።

ከ1980 የስደተኞች ሕግ በኋላ የገቡት ወገኖቻችን፣ ከ1995 ጀምሮ በዲቪ የመጡት ደግሞ ይበልጥ፣ ያገኙት ይህን ቤት ነው። በዲሲ የመኪና ማቆሚያ ቤቶች ካሽየር ሆናችሁ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማታ የሺፍቱን ቲኬት ቆጥሮ ከገንዘቡ ጋር ማስታረቅ ራሱ የመጀመሪያው የሒሳብ ትምህርት ነው። ከጎኑ የተከፈተ የአካውንቲንግ መጽሐፍ የማይታይበት ዳስ አልነበረም ብል አላጋንንም።

አሁን ከታሪኩ ውስጥ የሚቆረቁረውን ልንገራችሁ። በርተን ክላርክ የሚባል የሶሲዮሎጂ ምሁር በካሊፎርኒያ ሳንሆዜ ያለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ አጥንቶ በ1960 አንድ ጽሑፍ አወጣ። ያለው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ኮሌጁ ሁሉን ይቀበላል፣ ነገር ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ አልፈው እንዲሄዱ የማይጠብቃቸውን ተማሪዎች ፊት ለፊት አይቻልህም አይልም። በፈተና፣ በአማካሪ ቢሮ፣ «ይሄኛው መንገድ ለአንቺ ይሻላል» በሚል ለስላሳ ቃል ቀስ እያለ ተስፋቸውን ያቀዘቅዘዋል። ተማሪውም ራሱ የመረጠው ይመስለዋል። ጽሑፉ ዛሬም ይጠቀሳል፤ እኔም ካነበብኩት በኋላ የራሴን ነገር በሌላ ዓይን አየሁት።

በአብዛኛው ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓይነት የሁለት ዓመት ዲግሪ አለ። ሁለቱም 60 ክሬዲት ገደማ ናቸው። አንደኛው ወዲያው ሥራ ለመያዝ የተዘጋጀ ነው፤ ስሙም «አካውንቲንግ» ይላል። በውስጡ የሒሳብ አያያዝ፣ የታክስ፣ የፔይሮልና የሶፍትዌር ኮርስ ይበዛል። ሁለተኛው «ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን» ይባልና ለዝውውር የተዘጋጀ ነው፤ አካውንቲንጉ ሁለት ወይም ሦስት ኮርስ ብቻ ሲሆን የቀረው እንግሊዝኛ፣ ማትስ፣ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሚክስ ነው። ሒሳብ ልማር ብላ የመጣች ሴት ስሙን አይታ የመጀመሪያውን ትመርጣለች። እኔም መረጥኩ። አማካሪዬ ፈገግ ብላ «ቶሎ ሥራ ያስገኝልሻል» አለችኝ፤ አልዋሸችም፣ አስገኝቶልኛል። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ስሄድ ግን ስድስት ኮርስ ወደቀብኝ። 18 ክሬዲት። በሌጀር ላይ ክሬዲት ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ በትምህርቴ ላይ ግን ጠፋ። ባችለሩን ዛሬም እየገፋሁት ነው።

ይህ ከሲ.ፒ.ኤ. ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ሒሳብ ያዥ ለመሆን ፈቃድ አያስፈልግም። ለሲ.ፒ.ኤ. ግን ስቴቶች ለብዙ ዓመታት 150 ክሬዲት ሲጠይቁ ኖረዋል፤ በቅርቡ አንዳንዶቹ በባችለርና በተጨማሪ የሥራ ልምድ የሚያልፍበትን መንገድ መክፈት ጀምረዋል። በሁለቱም መንገድ ግን ባችለር ያስፈልጋል። ዛሬ በአሜሪካ ካሉት የሒሳብ ባለሙያዎችና ኦዲተሮች ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው፤ የክሪስቲን ሮስ በር ተከፍቷል። ለእኛ የሚቀረው ወደ በሩ የሚወስደውን ኮሪደር ሳይሳሳቱ መግባት ነው፤ ያ ኮሪደር ደግሞ የሚጀምረው ኮሚኒቲ ኮሌጅ የምዝገባ መስኮት ላይ ነው።

ወደ ስድስቱ ሳምንት ሥልጠና እንመለስ። ሶፍትዌሩ የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫኚ ያስተምራል። አንድ ምሳሌ ላቅርብ። አንድ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ድርጅት የዓመቱን ኢንሹራንስ 2,400 ዶላር በጥር ከፈለ እንበል። ቁልፉን ብቻ የምታውቅ ልጅ ሙሉውን የጥር ወጪ ታደርገዋለች፤ ባለቤቱ ጥር ላይ ከሰርኩ ብሎ ይደነግጣል፣ የካቲት ላይ አተረፍኩ ብሎ ይደሰታል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ትክክሉ በየወሩ 200 ነው፤ ያልደረሰው ወር ክፍያ ገና ንብረት ነው። ይህን ኮምፒውተሩ ከራሱ አያውቅም።

የራሳችንን ቤት ደግሞ እንይ፤ ይህን ለደጋፊዎቻችንም ጭምር ነው የምለው። አንድ ለጋሽ ለትምህርት ብሎ 5,000 ዶላር ሲሰጠን ያ ገንዘብ ባንክ ሒሳባችን ውስጥ ከአዳራሽ ኪራዩ ጋር ተቀላቅሎ ይተኛል። በመዝገብ ላይ ግን መቀላቀል የለበትም፤ ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ ተብሎ ለብቻው መታየት አለበት። ባንኩ ብዙ ያሳያል፣ ለኪራይ የሚነካው ግን ትንሽ ነው። ይህን ልዩነት መለየት የማትችል ገንዘብ ያዥ ሌባ ሳትሆን ሌባ ትባላለች። በዕድርና በዕቁብ ስንት ጥሩ ሰው በዚህ እንደተጎዳ ታውቃላችሁ።

በ2006 የወጣ ሕግ ደግሞ አለ። ከግብር ነጻ የሆነ ማኅበር ትንሽም ቢሆን ለታክስ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ማስታወቅ አለበት፤ ገቢው በአብዛኛው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ በኢንተርኔት የምትሞላ አጭር ቅጽ ናት፣ አሥር ደቂቃ አትፈጅም። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ያላቀረበ ነጻነቱን ያጣል። በ2011 ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝርዝር ሲወጣ 275,000 ገደማ ድርጅቶች ተሰርዘው ተገኙ። ብዙዎቹ ከናካቴው ሥራ ያቆሙ ነበሩ፤ ነገር ግን ሕጉን ሳያውቁ የወደቁ ትንንሽ ማኅበራትም ነበሩበት። እንደ እኛ ያሉ።

እንግዲህ እናታችንን አክብሬ የምለው ይህ ነው። ልጅ ለያዘችና የኪራይ ቀን ለደረሰባት እኅት የስድስት ሳምንቱ ሥልጠና ይሰጣት፤ ሮክፌለርንም ያበላው እሱ ነው። ዲግሪውን የሚጠይቁትን ሦስቱን ግን ባንከለክላቸው። ፔል ግራንት የሚገባቸው መሆኑን መጀመሪያ እንይ፤ ከተገባቸው ከእኛ የሚጠበቀው መጽሐፍና የአውቶቡስ፣ ምናልባትም የልጅ መጠበቂያ ነው እንጂ ሙሉው ክፍያ አይደለም። ከመፈረማቸው በፊት ደግሞ የትኛው ዲግሪ ላይ እንደሚመዘገቡ፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ኮርስ እንደሚቀበል በጽሑፍ ይዘው ይምጡ። ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ከ2018 ጀምሮ ለዚህ የጋራ ፕሮግራም አላቸው፤ ሌሎችም ስምምነት አላቸው። በቃል የተነገረ አይያዝ። ከአገር ቤት ዲፕሎማ ያላት ካለችም ማስረጃዋን አስመዝና ትምጣ፤ የተማረችውን እንግሊዝኛና ማትስ ደግማ መክፈል የለባትም።

በመጪው እሑድ ስብሰባ የሁለቱን ኮሌጆች የኮርስ ዝርዝር አትሜ አመጣለሁ። የወደቁብኝን ስድስት ኮርሶችም በቀይ አስምሬባቸዋለሁ። እናታችን ደውለውልኝ የዕድሩን የድሮ ደብተር ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ ገቢው በግራ፣ ወጪው በቀኝ ተጽፎ የ19 ዓመት ሒሳብ አለበት። ሦስቱ አመልካቾች በዚያ ደብተር ላይ እንዲለማመዱ ይፈቅዱ እንደሆነ ልጠይቃቸው አስቤያለሁ።